በአነስተኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር ስገጣጥም ገንዘቡን የት ላይ ላውለው?

ጥያቄ፦ በአነስተኛ በጀት ጌም መጫወቻ ዴስክቶፕ ራሴ ልገጣጥም ነው። 1080ፒ፣ 144 ኸርዝ ሞኒተር አለኝ። የያዝኩት ዝርዝር ኮር አይ7-4770 ፕሮሰሰር፣ አንድ ፍሬ 8 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ፣ ብራንዱ የማይታወቅ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ እና ፊቱ መስታወት የሆነ ባለመብራት ኬዝ ነው። ከዕቃዎቹ አንዳንዱ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለኝም። የቱን ልቀይር? ገንዘቡንስ እንዴት ላከፋፍለው?

ምላሽ፦

ከዝርዝርዎ ባለበት ሊቆይ የሚችለው ሞኒተሩ ብቻ ነው። ሌላው መቀየር ያለበት ዋጋው ስላነሰ ሳይሆን ገንዘቡ ያለቦታው ስለተመደበ ነው። «አይ7» የሚለው ስም፣ «750» የሚለው ቁጥርና የኬዙ መብራት የበጀቱን ትልቅ ድርሻ ወስደው፣ ምስሉን ለሚሠራው ግራፊክስ ካርድ የተረፈው ፍርፋሪ ነው። ጌም ላይ ቀድሞ ለውጥ የሚያመጣው ደግሞ እሱ ነው።

ስሌቱ ከሞኒተሩ ይነሳል። 144 ኸርዝ ሲባል ሞኒተሩ በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል ይቀይራል። ኮምፒውተሩ እኩል ሊከተለው ከሆነ አንዱን ፍሬም (አንድ ምስል) በ6.9 ሚሊሰከንድ ገደማ ሠርቶ መጨረስ አለበት፤ ለ60 ፍሬም ግን 16.7 ሚሊሰከንድ ይኖረዋል። እንደ ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ 2 ባሉ የውድድር ጌሞች፣ ሴቲንጉ ዝቅ ካለ፣ 144ን የሚያስነካው ወይም የሚያስቀረው በአብዛኛው ፕሮሰሰሩና ራሙ ነው። ታሪክ ያላቸው፣ ዓለማቸው የሰፋ አዳዲስ ጌሞች ግን ግራፊክስ ካርዱን እስከ ጥግ ያሠሩታል፤ በእነሱ ከ60 እስከ 80 ፍሬም ሳይቆራረጥ ማግኘት ለዚህ በጀት ጥሩ ውጤት ነው።

ሁለቱንም ዓይነት ለመጫወት ሚዛኑ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ ሳይቆጠሩ፣ ከጠቅላላው ገንዘብ ከ35 እስከ 40 በመቶው ለግራፊክስ ካርድ ይመደብ። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም አንድ ላይ ሲሶውን ገደማ ይውሰዱ። ፓወር ሰፕላይ 10 በመቶ አካባቢ ይድረሰው፣ የተረፈውን ኤስኤስዲና ኬዝ ይካፈሉት። መቶኛው እንደ ገበያው ትንሽ ይዛነፋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይገልበጥ።

ግራፊክስ ካርድ

የጂቲኤክስ 1650 ችግር በ2019 የወጣ መሆኑ ብቻ አይደለም። ጌሙ የሚጭነው ቴክስቸር (የዕቃዎቹን ገጽታ የሚያሳየው ምስል) ካርዱ ላይ ካለው 4 ጊጋ ሲያልፍ፣ ትርፉ ካርዱን ከማዘርቦርዱ በሚያገናኘው በፒሲአይኢ መስመር በኩል ከዋናው ራም እየተመላለሰ ይመጣል። ይህ መስመር ከካርዱ የራሱ ሜሞሪ በብዙ እጥፍ ይዘገያል። አማካይ ፍሬሙ ደህና መስሎ እየታየ፣ ካሜራውን ባዞሩ ቁጥር ምስሉ ለቅጽበት ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። ዛሬ ለ1080ፒ ከ8 ጊጋ በታች ሜሞሪ ያለው ካርድ አይግዙ።

መነሻዎ ሬዲዮን አርኤክስ 6600 ይሁን። 8 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ 132 ዋት ይበቃዋል፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል ብቻ ይጠይቃሉ። ትንሽ ጨምረው አርኤክስ 6650 ኤክስቲ ወይም አርኤክስ 7600 ካገኙ ጭማሪው ጌም ላይ ይታያል። ከኤንቪዲያ በኩል አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው በፍጥነት ከ6600 ብዙም አይርቅም፤ ሰፊው ሜሞሪ ግን ቴክስቸርን ከፍ አድርጎ ለመጫወት ይረዳል። አርቲኤክስ 4060 ደግሞ በ115 ዋት ብቻ ይሠራል፣ ዲኤልኤስኤስ (ዝቅ ባለ ሪዞሉሽን የተሠራን ምስል የሚያሳድግ የኤንቪዲያ ዘዴ) የሚደግፉ ጌሞችንም በደንብ ይጫወታል። የኢንቴል አርክ ቢ580 በወረቀት ላይ ባለ 12 ጊጋና ፈጣን ነው፤ ሆኖም ሪሳይዘብል ባር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲደርስበት የሚያደርግ አማራጭ) የሌለው ሲስተም ላይ በጣም ይወርዳል፣ ድራይቨሩም ፕሮሰሰሩን ስለሚያሠራ መካከለኛ ፕሮሰሰር ላይ ሙሉ ጉልበቱ አይወጣም። ለእርስዎ አይነት ግጣጥም ሁለተኛ ምርጫ አድርጌ ነው የማየው።

በስም የሚያሳስቱ ካርዶች አሉና ልብ ይበሉ። አርቲኤክስ 3060 ባለ 8 ጊጋ ዓይነትም አለው፤ ከ12 ጊጋው የሚያንሰው በሜሞሪ መጠን ብቻ ሳይሆን የሜሞሪ መስመሩም ከ192 ቢት ወደ 128 ቢት ስለጠበበ ነው። አርኤክስ 580 ሲባል ባለ 2304 ሼደሩ (ሼደር ማለት ምስሉን የሚያሰሉት የካርዱ ትናንሽ ክፍሎች ናቸው) ዋናው ነው፤ «2048ኤስፒ» የተባለው ሌላ፣ ደከም ያለ ካርድ ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ በመሆኑ፣ ፒሲአይኢ 3.0 ያለው አሮጌ ቦርድ ላይ ሲሰካ ክፉኛ ይወርዳል። የሚገርመው ደግሞ አሮጌ ቦርድ ያላቸው ሰዎች ናቸው በዋጋው ምክንያት እሱን የሚመርጡት።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሲሠራ ይዩት። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍተው ስሙን፣ የሜሞሪውን መጠን፣ የመስመሩን ስፋትና የሼደሩን ቁጥር አምራቹ ካወጣው ጋር ያስተያዩ። አሮጌ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለና፣ ስሙ ልክ ሆኖ ቁጥሮቹ የማይገጥሙ ከሆነ ይተዉት። ከዚያ ከባድ ጌም ወይም የጭነት መፈተኛ 20 ደቂቃ ያህል ያሠሩ። ባለቀለም ነጥቦች፣ መስመሮች ወይም ብልጭታ ከታዩ ሜሞሪው ወይም ቺፑ ተጎድቷል፤ በቅናሽም ቢሆን አይወሰድም። የቺፑ ሙቀት ዝቅ ብሎ ሆትስፖት የተባለው (የቺፑ በጣም የሚሞቀው ነጥብ) ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ከበለጠው የሙቀት ፔስቱ ደርቋል ወይም ማቀዝቀዣው በትክክል አልተቀመጠም። ይህ የሚጠገን ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅማል። ፋኖቹ ካርዱ ሲሞቅ ሁሉም መዞራቸውንና አለመንጫጫታቸውን ያዳምጡ። ማይኒንግ (ክሪፕቶ ማምረት) ላይ የነበረ ካርድን በዚያ ምክንያት ብቻ መፍራት የለብዎትም፤ የሚያልቁት ፋኑና የሙቀት ፓዱ ናቸው፣ እነሱም ይተካሉ።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

ኮር አይ7-4770 በ2013 የወጣ፣ ባለ 4 ኮርና 8 ስሬድ (በአንዴ 8 ሥራ የሚያካሂድ) ፕሮሰሰር ነው። «አይ7» የሚለው ከራሱ ትውልድ ውስጥ ያለውን ደረጃ እንጂ ዛሬ ያለውን ጉልበት አይነግርም። በ2022 የወጣው ኮር አይ3-12100ኤፍም 4 ኮርና 8 ስሬድ ነው ያለው፤ ጌም ላይ ግን አሮጌውን አይ7 በሰፊ ልዩነት ይቀድመዋል። በዚያ ላይ 4770 ዲዲአር3 ራም ይፈልጋል፣ ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥም የለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት (ባዮስ ውስጥ የሚበሩ የደህንነት አማራጮች) ካልበሩ አይከፈትም። አሮጌውን ፕላትፎርም ዛሬ መግዛት ማለት ራሙንም ቦርዱንም በቅርቡ እንደገና መግዛት ነው።

ለእርስዎ የሚስማሙት ሁለት ናቸው፤ ራይዘን 5 5600 ወይም ኮር አይ5-12400ኤፍ። ሁለቱም 6 ኮርና 12 ስሬድ አላቸው፣ ሁለቱም በዲዲአር4 ይሠራሉ፣ በሳጥን የታሸገውን ከገዙ አብሯቸው የሚመጣው ማቀዝቀዣ ይበቃቸዋል። ከሁለቱ ከነማዘርቦርዱ ተደምሮ የረከሰውን ይውሰዱ። ራይዘን 5 5500ን ከ5600 ጋር አያምታቱ፤ በስም የተቀራረቡ ቢሆኑም የ5500 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) 16 ሜጋ ነው፣ የ5600 ደግሞ 32። 5500 ፒሲአይኢ 3.0 ላይ ያቆማል፤ አርኤክስ 6600ና አርቲኤክስ 4060 ደግሞ በስምንት መስመር ብቻ ስለሚገናኙ 4.0ን ቢያገኙ ይሻላቸዋል። ራይዘን 5600ም ሆነ በስማቸው መጨረሻ «ኤፍ» ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ካርድ ሳይሰካ ስክሪን ላይ ምንም አይታይም።

ኤኤም5 (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ሶኬት) አዲስ በመሆኑ ወደፊት ፕሮሰሰር ብቻ መቀየር ያስችላል፤ ነገር ግን ዲዲአር5 ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ቦርዱም ውድ ነው። ልዩነቱን ለመሸፈን ግራፊክስ ካርዱ አንድ ደረጃ የሚወርድ ከሆነ አልመክርም።

ለራይዘን ቢ550፣ ለኢንቴል ቢ660 ቺፕሴት ያለው ማይክሮ ኤቲኤክስ (መጠኑ አነስ ያለ) ቦርድ በቂ ነው። ለኢንቴል ቦርዱ የዲዲአር4 ይሁን የዲዲአር5 ስሙ ላይ ያንብቡ፤ ቢ660 በሁለቱም ዓይነት ይሠራል፣ የራሞቹ ቀዳዳ ስለሚለያይ ተሳስተው ከገዙ አይገባም። ለራይዘን ያገለገለ ቢ450 ካገኙም ይሠራል፤ ግን ባዮሱ አሮጌ ከሆነ የ5000 ተከታታይን አያውቀውም። ፋን ይዞራል፣ መብራት ይበራል፣ ምስል የለም፤ ሰው ፕሮሰሰሩ የተቃጠለ ይመስለዋል። ስለዚህ ሻጩ ባዮሱን እንዲያሳድስልዎ ይጠይቁ፣ ወይም ከጀርባው የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ያለውን ቦርድ ይምረጡ። አሠራሩ ቀላል ነው። የቦርድዎን ትክክለኛ ሞዴል ባዮስ ከአምራቹ ገጽ አውርደው፣ ማኑዋሉ ባዘዘው ስም ሰይመው፣ በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ያስቀምጡት። ፍላሹን ምልክት ባለበት ዩኤስቢ ይሰኩ፣ ባለ 24 ፒኑንና ባለ 8 ፒኑን የኃይል ኬብል ያያይዙ፣ ቁልፉን ሦስት ሰከንድ ያህል ይጫኑ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ኃይሉን አይንኩ፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ባዮሱ ሊበላሽ ይችላል።

ያገለገለ የኢንቴል ቦርድ ሲገዙ የሶኬቱን ፒኖች በስልክ መብራት ከጎን ይዩ። ተስተካክለው የቆሙ ረድፎች መሃል አንዷ ብትታጠፍ ብርሃኑ በተለየ መንገድ ያንጸባርቃል። የታጠፈች ፒን ብዙ ጊዜ አንድ የራም ቻናል ታጠፋለች።

ራም

አንድ ፍሬ 8 ጊጋ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። መጠኑ ለአዳዲስ ጌሞች አይበቃም፤ በዚያ ላይ በአንድ ቻናል ብቻ ስለሚሠራ ፕሮሰሰሩ ዳታ እየጠበቀ ይቆማል። ዲዲአር4-3200 በአንድ ቻናል በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት፣ በሁለት ቻናል 51.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። የውድድር ጌሞች ላይ ይህ ልዩነት በተለይ በዝቅተኛዎቹ ፍሬሞች ይታያል፤ ጨዋታው በሚጋጋልበት ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ፍሬ 8 ጊጋ፣ 3200፣ ሲኤል16 (ሲኤል የመዘግየት ቁጥር ነው፣ ሲያንስ ይሻላል) የሆነ ጥንድ ይግዙ። ሲኤል22 ከሆነ መዘግየቱ ከ10 ወደ 13.75 ናኖሰከንድ ይሄዳል። የዋጋ ልዩነቱ ከሰፋ ግን ሲኤል18ም አይጣልም።

አራት ስሎት ካለው ቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ይሰኩ። ከዚያ ባዮስ ገብተው ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያሠራውን አማራጭ) ያብሩ፤ በአንዳንድ የራይዘን ቦርዶች ዲኦሲፒ ይባላል። ይህን ያላደረገ ሰው 3200 ከፍሎ 2133 ወይም 2400 ላይ ነው የሚጫወተው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ሲከፍቱ ፍጥነቱ ይታያል።

ፓወር ሰፕላይ

ከዝርዝርዎ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። 750 የሚለውን ትተው ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ያንብቡ። ዛሬ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ ነው፤ በዚያ ዓምድ ስር ያለውን አምፒር በ12 ያባዙ። 45 አምፒር ካለ 540 ዋት ይሆናል፣ ስለዚህ 550 ዋት የሚለው ጽሑፉ እውነት ነው። «750 ዋት» ተብሎ 12 ቮልቱ ላይ 28 አምፒር ከተጻፈ እውነተኛው ጉልበት 336 ዋት ነው። ሰንጠረዡ ጭራሽ ከሌለም አይግዙት።

የእርስዎ ማሽን የሚፈልገውን እንደምር። ለካርዱ 132፣ ለፕሮሰሰሩ (ራይዘን 5600 ከሆነ) እስከ 76፣ ለቦርድ፣ ለፋን፣ ለራምና ለኤስኤስዲ 50 ገደማ፤ ድምሩ 260 ዋት አካባቢ ነው። ካርዶች ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከተጻፈው በላይ ስለሚስቡና ወደፊት ካርድ ሊቀይሩ ስለሚችሉ፣ ከታወቀ አምራች የወጣ እውነተኛ 550 ዋት ምቹ ነው። 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚለው ምልክት የሚለካው ብክነትን ብቻ ነው፤ ከአጭር ዑደት፣ ከመጠን በላይ ቮልቴጅና ከሙቀት የሚከላከሉት መቆጣጠሪያዎች መኖራቸውን ለብቻው ያረጋግጡ። ደካማ ፓወር ሰፕላይ መጀመሪያ ምልክት ይሰጣል፤ ዊንዶውስ ላይ ሰላም ሆኖ ጌሙ ሲከብድ ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋል ወይም እንደገና ይነሳል። ሲፈነዳ ደግሞ ቦርድና ካርድ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ይህ ዕቃ ያገለገለ ባይገዛ ይመረጣል።

ኬብሉ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ፣ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል በፍጹም አይሰኩበት። ጫፉ ይገጥማል፣ ውስጡ ያለው የቮልት አደራደር ግን ከአምራች አምራች ይለያል፤ ዲስኮች በአንድ ቅጽበት የሚቃጠሉት እንዲህ ነው።

ኤስኤስዲ ላይ ብዙ አይጨነቁ። 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ (በፒሲአይኢ የሚሠራ ፈጣን ዓይነት)፣ ቲኤልሲ (በአንድ ሴል ሦስት ቢት የሚይዝ) የሆነ ይበቃል፤ ፒሲአይኢ 3.0 ይሁን 4.0 ጌም ሲከፈት ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። ኤም.2 ቅርጽ ያለው (በቀጥታ ቦርዱ ላይ የሚሰካው) ሁሉ ግን ኤንቪኤምኢ አይደለም፤ ሳታ (አሮጌው የዲስክ መገናኛ) የሆነው በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት ገደማ አያልፍም፣ አንዳንድ ስሎት ደግሞ አይቀበለውም። ኬዙ ፊቱ ወንፊት ይሁን። መስታወት ፊት አየሩን ስለሚዘጋ ካርዱ ይሞቃል፣ ፋኑ ይጮኻል። ከፊት ሁለት የሚያስገቡ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ ፋን ይበቃል። የካርዱን ርዝመት በሚሊሜትር ከኬዙ መጠን ጋር አስቀድመው ያመሳክሩ።

ሲገጣጥሙ

ኬዝ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ቦርዱን በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጠው ፕሮሰሰር፣ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ራምና ካርድ ብቻ ሰክተው ያስነሱት። ችግር ካለ እዚያው ይታያል፣ መልሶ መፍታት አይኖርም። ፋን እየዞረ ምስል ከጠፋ በቅድሚያ ከቦርዱ ጥግ ያለው የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ኬብል መሰካቱን፣ ከዚያ ራሙ «ቀጭ» ብሎ መግባቱን፣ ከዚያ የሞኒተሩ ኬብል ከቦርዱ ሳይሆን ከግራፊክስ ካርዱ መያያዙን ይመልከቱ። ኬዝ ውስጥ ሲገባ የቦርዱ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የቆመ ማስቀመጫ ብሎን ካለ ያውጡት፤ ከጀርባ ነክቶ አጭር ዑደት ይፈጥራል።

ዊንዶውስ ከመጫንዎ በፊት ባዮስ ውስጥ ሲኤስኤምን (አሮጌውን የማስነሻ ዘዴ) ያጥፉ፣ ቲፒኤምን ያብሩ። ሲኤስኤም እንደበራ የተጫነ ዊንዶውስ በኋላ ሴኪዩር ቡትና ሪሳይዘብል ባር ሲፈለጉ ያስቸግራል። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው 144 ኸርዝን ራስዎ ይምረጡ፤ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ነው የሚነሳው። አንዳንድ ሞኒተር በኤችዲኤምአይ 144 ስለማይሰጥ ዲስፕሌይ ፖርት ይጠቀሙ።

ገንዘቡ ካልደረሰ በመጀመሪያ የኬዙን መብራት፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲውን ወደ 500 ጊጋ፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩን ወደ አይ3-12100ኤፍ ያውርዱ። ግራፊክስ ካርዱን ያገለገለ ይውሰዱ። ፓወር ሰፕላዩንና ጥንዱን ራም አይንኩ። ካርዱን አሁን ጭራሽ መግዛት ካልቻሉ፣ የራሱ ግራፊክስ ባለው ራይዘን 5 5600ጂ ጀምረው ቀለል ያሉ ጌሞችን ዝቅ ባለ ሴቲንግ እየተጫወቱ መቆየት ይቻላል፤ እሱም ፒሲአይኢ 3.0 መሆኑን ግን ይወቁ።

ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ማነቆው የት እንዳለ ለማወቅ አንድ ጌም ከፍተው የግራፊክስ ካርዱን አጠቃቀም በመቶኛ ይዩ። ከ95 በላይ ከሆነ ካርዱ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነው፤ ፍሬም ለመጨመር ሴቲንጉን ያውርዱ። ከ70 በታች ሆኖ ፍሬሙም ዝቅተኛ ከሆነ፣ ፍሬም የሚገድብ ሴቲንግ አለመብራቱን አይተው ሪዞሉሽኑን ወደ 720ፒ ያውርዱ። ፍሬሙ ንቅንቅ ካላለ የያዘው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው። ያኔ አዲስ ካርድ ከመግዛትዎ በፊት ኤክስኤምፒ መብራቱንና ሁለቱም ራሞች በትክክለኛው ስሎት መሆናቸውን እንደገና ያረጋግጡ።